በሞተ ቲቪ ውስጥ ያለ 310 ቮልት

ጅማ ላይ ዝናቡ ሲከብድ የቲቪ ጥገና ሥራም አብሮ ይከብዳል። መብራት ይሄዳል፣ ይመጣል፣ ሳይቆይ ደግሞ ይሄዳል። ነጎድጓዱ በጅሬን በኩል ሲወርድ ያደረበት ሌሊት ሲነጋ፣ ሳሎን የተሰቀለው ቲቪ ወይ ቀይ መብራቱ አይበራም፣ ወይ ድምፅ እያለው ምስል አይሰጥም። ከዚያ ከቤቱ ልጆች አንዱ ካቻቢቴ ያነሳል። ይህን የምጽፈው ለእሱ ነው፤ ሥራውን ገና ለጀመረ ቲቪ ሠሪም ይሆናል።

ከሁሉም በፊት ልብ ውስጥ መግባት ያለበት ነገር ይሄ ነው። ደህና የሆነ ቲቪ ሶኬቱ ሲነቀል በውስጡ የቀረውን ኤሌክትሪክ ራሱ ይጨርሰዋል። የሞተ ቲቪ ግን ላይጨርስ ይችላል። ከሶኬት የሚገባው 220 ቮልት በዳዮዶች (በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚያሳልፉ ክፍሎች) ተስተካክሎ ትልቁ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ክፍል) ላይ ሲጠራቀም 310 ቮልት ገደማ ይሆናል፤ ተለቅ ባሉት ቲቪዎች ደግሞ ወደ 380 እና 400 ቮልት ከፍ ይላል። ፓወር ሰፕላዩ፣ ማለትም ለቲቪው ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው ቦርድ፣ እየሠራ ከሆነ ይህ ክምችት ሲነቀል ወዲያው ወደ ቦርዱ ፈስሶ ያልቃል። ፓወር ሰፕላዩ ከተቃጠለ ግን የሚወስደው የለም፤ ካፓሲተሩ ተሞልቶ ይቀመጣል። ስለዚህ «ከትናንት ጀምሮ ጠፍቷል እኮ» የሚባለው ቲቪ ነው ይበልጥ የሚያስፈራው። ለዓይን ምንም ልዩነት የለውም፤ የሚያሳየው መልቲሜትር ብቻ ነው።

ካቻቢቴው ከመነሳቱ በፊት ግን ሳይከፈት የሚታይ ነገር አለ። ሶኬቱን በስልክ ቻርጀር ፈትኑ። ዲቫይደሩን ተዉና ቲቪውን በቀጥታ ግድግዳው ላይ ሰኩት፤ የተቃጠለው የዲቫይደሩ ቁልፍ ሆኖ ሳለ ቲቪው ሳያስፈልግ የሚፈታበት ጊዜ ብዙ ነው። ሪሞቱን በስልካችሁ የፊት ካሜራ እዩት፤ ሲጫኑት ጫፉ ላይ ያለችው ትንሽ መብራት በካሜራው ውስጥ ብልጭ ካለች ሪሞቱ ደህና ነው። ከዚያ ዲሹን፣ ሪሲቨሩንና ፍላሹን በሙሉ ንቀሉና ቲቪውን ባዶውን አብሩት። ውስጡ የተበላሸ ፍላሽ ወይም በመብረቅ የተመታ ሪሲቨር ቲቪው እንዳይነሳ ሊይዘው ይችላል።

ድምፅ እያለ ምስል ከጠፋ ደግሞ ክፍሉን አጨልሙ። የስልኩን መብራት ስክሪኑ ላይ አስጠግታችሁ በማጋደል አብሩበት። የዜና አንባቢው ፊት እንደ ጥላ ደብዝዞ ከታየ ፓኔሉም (ምስል የሚሠራው መስታወት) ሜይን ቦርዱም (ዋናው ቦርድ) እየሠሩ ነው፤ የጠፋው ከኋላ የሚያበራው ባክላይት ነው። ጥላም ከሌለ ነገሩ ወደ ቲኮን (ምስሉን ለፓኔሉ የሚያከፋፍለው ትንሽ ቦርድ) ወይም ወደ ሜይን ቦርድ ይሄዳል። ይህች የአንድ ደቂቃ ሙከራ ግማሹን መንገድ ትጨርሳለች።

የምለው ሁሉ ከኋላው ኤልኢዲ ያለውን ኤልሲዲ ቲቪ ይመለከታል፤ አሁን በየቤቱ ያለው እሱ ነው። ቀደም ያሉት ቀጫጭን የመስታወት መብራት ያላቸው ኤልሲዲዎች መብራቶቹን በሚያበራው ኢንቨርተር ላይ ከ 1000 ቮልት ሊያልፍ የሚችል ኤሌክትሪክ አላቸው፣ መብራቶቹም ሲሰበሩ ሜርኩሪ ይወጣቸዋል። ፕላዝማውም ቢሆን ለጀማሪ አይደለም። እነዚህን ለልምድ ባለቤት ስጡ።

ማውረድና ማጋደም

ቲቪውን ከግድግዳ ለሁለት አውርዱት፤ 32 ኢንች ቢሆንም። አንድ ሰው ብቻውን ሲያወርድ በአንድ እጁ መሐል ስክሪኑን ይደግፋል፤ ፓኔሉ የሚሰነጠቀው እዚያው ነው። የሚይዙት በጎንና በጎኑ ያለውን ፍሬም ብቻ ነው። ካወረዳችሁ በኋላ ፊቱን ወደ ታች አድርጋችሁ ጠረጴዛ ላይ አስተኙት። ጠረጴዛው ከቲቪው የሰፋ፣ ደልዳላና ደረቅ ይሁን፤ ላዩ ላይ ብርድ ልብስ አንጥፉና በእጃችሁ ዳብሱት፤ የወደቀች አንዲት ብሎን ወይም የበቆሎ ፍሬ ስክሪን ትሰብራለች። ፍራሽ ላይ አታስተኙት። ፍራሽ ለስላሳ ስለሆነ የሚጠነቀቅለት ይመስላል፤ ግን መሐሉ ይጎደጉዳል፣ መስታወቱም አብሮ ይጎብጣል።

ብሎኖቹን በእንቁላል ካርቶን ለዩ። ከእግሩ የወጡት በአንድ ጉድጓድ፣ ከዳር የወጡት በሌላ፣ ከገመድ መግቢያው አጠገብ የወጡት በሌላ። ርዝመታቸው ይለያያል፤ ረጅሙን ብሎን በአጭሩ ቦታ አስገብቶ ማጥበቅ ቦርድ ይበሳል። ሁሉም ወጥቶ ክዳኑ እንቢ ካለ የተደበቀ ብሎን አለ ማለት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከተለጠፈው ወረቀት ስር ይገኛል። በጉልበት አትገንጥሉት። ክዳኑን ስታነሱም መጀመሪያ ወደ ሁለት ጣት ያህል ብቻ ከፍ አድርጋችሁ ወደ ውስጥ ተመልከቱ፤ የስፒከሩ ወይም የቁልፉ ገመድ ክዳኑ ላይ የተያዘበት ሞዴል አለ።

እጅ ከመግባቱ በፊት

ቀለበት፣ ሰዓት፣ የአንገት ሐብል ይውለቅ። እግር ላይ ደረቅ ባለ ጎማ ጫማ ይሁን፤ በዝናብ የረጠበ የሲሚንቶ ወለል ላይ በባዶ እግር ወይም በካልሲ አይሠራም። ልጆች ከክፍሉ ይውጡ። በቤቱ ውስጥ ሌላ አዋቂ ሰው ይኑር፣ ቆጣሪው ወይም ብሬከሩ የት እንዳለም ይወቅ። አንድ ሰው በኤሌክትሪክ ቢያዝ በእጅ መጎተት የለም፤ ብሬከሩን መጣል ወይም በደረቅ እንጨት ማላቀቅ ነው። በእጅ ገብቶ በደረት በኩል ያለፈ ኤሌክትሪክ የመታው ሰው ደግሞ «አሁን ደህና ነኝ» ቢልም ሐኪም ቤት ሄዶ ልቡ ይታይለት።

አሁን ፓወር ሰፕላዩን ፈልጉ። የሶኬቱ ገመድ የሚገባበት ቦርድ እሱ ነው። እላዩ ላይ ትልቁ፣ አውራ ጣት የሚያህለው ወይም ተጋድሞ የተቀመጠው ካፓሲተር ገላው ላይ 450 ቮልት ወይም 400 ቮልት ተጽፎበታል። መልቲሜትሩን ወደ ዲሲ፣ 600 ወይም 1000 ቮልት አዙሩ። ሁለቱን ጫፎች በካፓሲተሩ ሁለት እግሮች ላይ አሳርፉ፤ ቦርዱ ሳይነሳ እግሮቹ ካልተገኙ ከድልድይ ዳዮዱ (አራት ዳዮዶች ከተያያዙበት ክፍል) የፕላስና የማይነስ እግሮች ይለካል። የሚያነበው ከ 10 ቮልት በታች ከሆነ ሥራ ይጀመራል። ከዚያ በላይ ከሆነ ይፈስሳል።

ብዙ ሠሪ እዚህ ላይ የሚያደርገው ነገር ያሳዝነኛል፦ በካቻቢቴ ጫፍ ሁለቱን እግሮች ማገናኘት። 100 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በ 400 ቮልት ሲሞላ 8 ጁል ይይዛል። ያ ሁሉ በሰከንድ ሽራፊ ሲወጣ ጠመንጃ ይመስላል፤ የካቻቢቴው ጫፍ ይቀልጣል፣ የቦርዱ መስመር ይገነጠላል፣ የቀለጠ ብረት ወደ ዓይን ይረጫል። የሚሻለው 2.2 ኪሎ ኦም፣ 10 ዋት ሬዚስተር ነው፤ ነጩ የሴራሚክ ጡብ የሚመስለው። ሁለት ጫፉ ላይ የተሸፈነ ሽቦ በይዱበት፣ በሽቦዎቹ መጨረሻ ላይ የመልቲሜትር ዓይነት መያዣ አድርጉለት። እግሮቹ ላይ 10 ሰከንድ ያህል ይዛችሁ ልቀቁና እንደገና ለኩ። ሬዚስተሩ ከጠፋ የድሮው ባለ ክር 220 ቮልት አምፑል ከነሆልደሩ ይሠራል፤ ብልጭ ብሎ ሲጠፋ ፈሰሰ ማለት ነው። ካፈሰሳችሁ በኋላም ለኩ። የለቀቀ ሬዚስተር ወይም የተቃጠለ አምፑል ምንም ሳያፈስስ ያፈሰሰ ይመስላል፤ እጅ የሚታመነው በመለኪያው ቁጥር ብቻ ነው። አንድ እጅ ብቻ መጠቀም፣ ሌላውን ኪስ መክተት የሚባለውም ልማድ ትርጉም አለው፤ ኤሌክትሪኩ ከእጅ ወደ እጅ በልብ በኩል መንገድ እንዳያገኝ ነው።

ፊውዙ ምን ይላል

ቀይ መብራት እንኳ ከሌለ መጀመሪያ የሚታየው ፊውዙ ነው። የመስታወት ከሆነ ውስጡን ተመልከቱ። ክሩ መሐል ላይ ብቻ በንጹህ ተበጥሶ መስታወቱ ጥርት ካለ ፊውዙ በድካም የሄደ ሊሆን ይችላል። መስታወቱ ጥቁር ወይም የብር ቀለም ከለበሰ ግን በውስጡ ሙሉ ሾርት አለ፤ አዲስ ፊውዝ ብትጨምሩለት እሱንም ይበላዋል። በፊውዙ ፋንታ የመዳብ ሽቦ መጠቅለል ደግሞ ቤት የማቃጠል ያህል ነው። የተጻፈው 3.15 አምፔር ከሆነ 3.15፣ የዘገየ ዓይነት (ለአፍታ ጭነት ቶሎ የማይበጠስ) ከሆነም የዘገየው ይግባ።

ከፊውዙ ቀጥሎ ሰማያዊ ሳንቲም የሚመስል ቫሪስተር አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ 471 የሚል ቁጥር አለበት። ሥራው ከልክ ያለፈ ቮልት ሲመጣ ራሱን ሰውቶ ፊውዙን መበጠስ ነው። ኒውትራል መስመር ፖል ላይ ሲላቀቅ 220 ይገባበት የነበረው ቤት እስከ 380 ቮልት ሊደርስበት ይችላል፤ በአንድ ሰፈር ብዙ ቲቪ በአንድ ሌሊት የሚሄደው እንዲህ ሲሆን ነው። ቫሪስተሩ ከተሰነጠቀ ወይም ከጠቆረ ነቅሎ ጥሎ፣ ፊውዝ ቀይሮ፣ ቲቪውን መመለስ ይቻላል፤ ይሠራልም። ግን ቲቪው ያለ ጋሻ ቀረ። ዋጋው ከቁርስ አይበልጥም፣ ይተካ።

ቫሪስተሩ ደህና ከሆነ መልቲሜትሩን ዳዮድ ላይ አድርጋችሁ ድልድይ ዳዮዱን ለኩ፤ በአንድ በኩል ከ 0.4 እስከ 0.6፣ በተገላቢጦሽ ምንም ማሳየት የለበትም። ከዚያ ሞስፌቱ፤ ኤሌክትሪኩን በፍጥነት እያበራ የሚያጠፋው ባለ ሦስት እግር ክፍል ነው። እግሮቹ እርስ በርስ ሲለኩ ቁጥሩ ወደ ዜሮ ከሆነ ሄዷል። ሞስፌት ብቻውን አይሄድም። ሶርስ ከሚባለው እግሩ ጋር ያለው ከ 1 ኦም በታች የሆነ ትንሽ ሬዚስተርና የሚያዝዘው አይሲ አብረውት ይሄዳሉ። ሞስፌቱን ብቻ ቀይሮ ማብራት ነው አዲሱን በአንድ ሰከንድ የሚያቃጥለው። ሦስቱም አብረው ይለወጡ።

ከቀየራችሁ በኋላ ወዲያው በፊውዝ አታብሩ። በፊውዙ ቦታ የ 60 ወይም የ 100 ዋት ባለ ክር አምፑል በሴሪ (ኤሌክትሪኩ በእሱ ውስጥ አልፎ እንዲሄድ) አስገቡ፤ ኤልኢዲ አምፑል አይሆንም። ሲሰካ አምፑሉ አንዴ ብልጭ ብሎ ከደበዘዘ ሾርቱ ጠፍቷል። ሙሉ በሙሉ ደምቆ ከቆመ ሾርቱ አለ፤ ግን አምፑሉ ስለያዘው አዲሶቹ ክፍሎች አልተቃጠሉም። ንቀሉ፣ አፍስሱ፣ ለኩ፣ ፈልጉ።

እየሠራ ሲለካ አንድ ስህተት ብዙ ሰው ይሠራል። ፓወር ሰፕላዩ በሁለት የተከፈለ ነው፤ ቦርዱ ላይ ወፍራም መስመር ወይም ባዶ ሰርጥ ይለየዋል። የሶኬቱ ወገን የራሱ ማይነስ አለው፤ የብረቱ አካል ማይነስ ደግሞ ሌላ ነው። የትልቁን ካፓሲተር ቮልት በብረቱ አካል ብትለኩ ቁጥሩ ይዋሻል። ጥቁሩ ጫፍ በሶኬቱ ወገን ሲለካ በትልቁ ካፓሲተር ማይነስ፣ በሌላው ወገን ሲለካ በብረቱ ላይ ይሁን። በሌላው ወገን የሚጠበቀው እንደ ቲቪው 3.3 ወይም 5 ቮልት ስታንድባይ (ቲቪው ተሰክቶ ሳይነሳ ያለው)፣ ሲነሳ ደግሞ 12 ቮልት ነው፤ በአነስተኞቹ ቲቪዎች ስታንድባዩም 12 ብቻ የሆነ አለ። 12ቱ 9 እና 10 ላይ ከተወዛወዘ፣ ቲቪውም እየነሳ ከወደቀ፣ እዚያው የሚገኙትን 1000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተሮች አናት እዩ። ያበጠ አናት ያረጀ ካፓሲተር ነው። የሚተካው በተመሳሳይ ማይክሮፋራድ፣ በተመሳሳይ ወይም በሚበልጥ ቮልት፣ 105 ዲግሪ የተጻፈበት ይሁን። ማይነሱ በጎኑ ላይ ባለው ሰንበር ይታወቃል፤ ከመንቀላችሁ በፊት ፎቶ አንሱት። የተገላበጠ ካፓሲተር ይፈነዳል።

ድምፅ አለ፣ ምስል የለም

«ወንድሜ፣ ድምፅ አለው፣ ምስል የለውም» ተብሎ የሚመጣው ቲቪ አብዛኛውን ጊዜ የባክላይት ነው፤ እጅ ሲበላሽበት የማይመለስ ጉዳት የሚደርሰውም በዚሁ ሥራ ላይ ነው። ፓኔሉ ከዳር እስከ ዳር ይነሳልና።

አሠራሩን ልብ በሉ። ከፓኔሉ ኋላ ስትሪፖች አሉ፤ በየስትሪፑ ላይ ኤልኢዲዎች ተሰልፈዋል። ሁሉም በሴሪ ስለተያያዙ አንዷ ስትበጠስ ሁሉም ይጠፋሉ። እያንዳንዷ 3 ቮልት የምትወስድ አለች፣ 6 ቮልት የምትወስድም አለች። ለምሳሌ ሁለት ስትሪፕ፣ በየአንዳንዱ 9 ኤልኢዲ፣ በ 3 ቮልት ከሆነ ድምሩ 54 ቮልት ነው፤ በ 6 ቮልት 108። አንድ ስትሪፕ ከተበጠሰ ድራይቨሩ (ለኤልኢዲዎቹ ኤሌክትሪክ የሚልከው ክፍል) ለመግፋት ሲሞክር ቮልቱ ለአፍታ ከዚያ በላይ ይዘላል፣ ከዚያ ራሱን ይዘጋል። ቲቪው ሲነሳ ብልጭ ብሎ የሚጨልመው ለዚህ ነው። የባክላይቱን ማያያዣ እየሠራ በጣት መንካት የለም፤ ይመታል።

ፓኔል ከመፍታት በፊት በኤልኢዲ ቴስተር ከማያያዣው ፈትኑ። ቴስተሩ ቮልቱን ራሱ ፈልጎ ያበራል፤ ግን ጫፎቹ ላይ ከ 200 ቮልት በላይ ሊኖር ይችላልና ጫፎቹን አትንኩ። ካበራው ስትሪፑ ደህና ነው፤ ችግሩ ድራይቨሩ ላይ ወይም ሜይን ቦርዱ የማብሪያ ትእዛዝ ባለመላኩ ነው። ካላበራው ፓኔሉ ይከፈታል።

ሲከፈት ሁለት ሰው፣ የታጠበ ደረቅ እጅ፣ የተጠረገ ክፍል። የጓዳው በር ይዘጋ፣ መጥረጊያ አይነሳ። ፍሬሙ ከወጣ በኋላ ከመስታወቱ ዳር የሚወርዱ ቡናማ ፊልሞች ይታያሉ። እያንዳንዱ ፊልም ላይ አንድ ቺፕ ተቀምጧል፣ ከመስታወቱ ጋር የተያያዘውም በሙቀት በተጣበቀ ቀጭን ሙጫ ነው፤ በካውያም በሊድም አይመለስም። አንዱ ፊልም ከተላቀቀ በስክሪኑ ላይ ከላይ እስከ ታች የማይጠፋ መስመር ይቀራል። ስለዚህ ከፊልሞቹ ስር ያለውን ረጅም ቦርድ መጀመሪያ ከብረቱ ፈትታችሁ ነፃ አድርጉት፤ መስታወቱ ሲነሳ ቦርዱ አብሮት በእጅ ተደግፎ ይነሳ፣ አይንጠልጠል። ፊልም ባለበት ጎን መስታወቱን አትያዙ።

ከመስታወቱ ስር ነጫጭ ወረቀቶች አሉ፤ ሁለት ወይም ሦስት ቀጫጭን፣ አንድ ወፍራም። ቅደም ተከተላቸውን ፎቶ አንሱ፣ ጥጋቸውን በእርሳስ ነጥብ አድርጉ። አንዱ ከተገለበጠ ብርሃኑ ይጠፋፋል። በጨርቅ አይጠረጉም፤ በጎማ ፊኛ አቧራው ይነፋል። የጣት አሻራ በነጭ ምስል ላይ ጥላ ሆኖ ይወጣል።

ስትሪፑ ጋ ሲደረስ አንዷን ኤልኢዲ ብቻ መለወጥ ያጓጓል። አንዷ ሄደች ማለት ሌሎቹም በዚያው ሙቀት የነበሩ ናቸው፤ ከወራት በኋላ ፓኔሉ እንደገና ይከፈታል፣ በተከፈተ ቁጥርም የመሰበር ዕድሉ አለ። ሙሉ ስትሪፖቹን ቀይሩ። ጅማ ላይ ካልተገኘ ከአዲስ አበባ መምጣቱ ነው፤ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ የመጣ የተሳሳተ ስትሪፕ ለማንም አይበጅም። ሲታዘዝ የስትሪፑ ጽሑፍ ፎቶ፣ ርዝመቱ በሚሊሜትር፣ የኤልኢዲው ብዛት፣ 3 ወይም 6 ቮልት መሆኑ፣ የማያያዣው ቦታ ተጽፎ ይላክ። 3 እና 6 አይቀላቀሉም። አሮጌው ከብረቱ ጋር በሙቀት አስተላላፊ ማጣበቂያ ከተጣበቀ አዲሱም እንዲሁ ይሁን፤ በአየር ላይ የቀረ ስትሪፕ በቶሎ ይቃጠላል።

በየኤልኢዲው ላይ የተለጠፈችውን፣ ብርሃን የምትበትነውን ትንሽ መነጽር አትርሱ። ስክሪኑ ላይ ክብ ነጭ ነጠብጣብ የሚታየው መነጽሩ ሲወድቅ ነው። በሱፐር ግሉ መለጠፍ ፈጣን ይመስላል፤ ጭሱ መነጽሩን ያደበዝዘዋል። ባለ ሁለት ቱቦው ኢፖክሲ በመርፌ ጫፍ በሦስቱ እግሮች ላይ ብቻ ይደረግ። ምስሉ ወደ ሰማያዊ ወይም ወይን ጠጅ ካደላ ደግሞ ኤልኢዲዎቹ በሙቀት ተበልተዋል፤ መነጽር አይደለም።

መስታወቱ ከመመለሱ በፊት ስትሪፖቹ በቴስተር ይብሩ። መልሶ ከገጠሙ በኋላ መፈተን የሁለት ሰዓት ሥራ ያስደግማል።

ድራይቨሩ ላይ ያሉትን፣ በኤልኢዲዎቹ የሚያልፈውን ኮረንት የሚወስኑትን ሬዚስተሮች በተመለከተ፦ ሁለት እኩል ሬዚስተሮች በፓራለል (ጎን ለጎን) ከሆኑ አንዱን ማንሳት ኮረንቱን በግማሽ ይቀንሳል፣ ሦስት ከሆኑ አንዱን ማንሳት በሲሶ። ብርሃኑ ይቀንሳል፣ ዕድሜው ይረዝማል። ለባለቤቱ ተነግሮ ከፈቀደ ጥሩ ሥራ ነው። መከላከያውን ማጥፋት ግን፣ ማለትም ድራይቨሩ ስህተት እንዳያይ አድርጎ ማብራት፣ እሳት ማስቀመጥ ነው። ምንም ሳይነካ ማድረግ የሚቻለው በሴቲንጉ ውስጥ ባክላይቱን ከ 100 ወደ 60 ማውረድ ነው። ሲገዛ 100 ላይ ሆኖ የሚመጣ ቲቪ ብዙ ነው፤ ለሳሎን 60 ይበቃል።

ቲኮንና ሜይን ቦርድ

ቲኮን ላይ አጭር ልሁን። ስክሪኑ ነጭ ከሆነ፣ ምስሉ እንደ ፎቶ ኔጋቲቭ ከተገለበጠ፣ ወይም ግማሹ ብቻ ከሠራ መጀመሪያ ጠፍጣፋውን ገመድ ነቅላችሁ ጫፉን አጽዱና መልሱ። ሁልጊዜ ሶኬቱ ተነቅሎ ነው፤ እየሠራ የተነቀለ ገመድ 12 ቮልቱን ወደ ዳታው መስመር ሊያሾልክ ይችላል። ቲኮኑ 12 ቮልት ከገባለት ወደ 15 ገደማ፣ ወደ 25 እና ከዚያ በላይ፣ እንዲሁም ማይነስ ከ 5 እስከ 10 ቮልት ያወጣል። ከእነዚህ አንዱ ከጠፋ የግራውን ወይም የቀኙን የፓኔል ገመድ ነቅላችሁ አብሩ፤ በአንደኛው ወገን ምስል ከተመለሰ ሾርቱ በተነቀለው ወገን ፓኔሉ ላይ ነው።

ሜይን ቦርድ ላይ የጀማሪ ድርሻ ሬጉሌተሮቹን (ቮልቱን ቀንሰው የሚያረጉትን) መለካት ነው። 1117 የሚል የተጻፈባቸው ባለ ሦስት እግር ናቸው፤ ሰፊው ጀርባቸው መውጫው ነው፣ 3.3 ወይም 1.8 ወይም የሚመስለው መገኘት አለበት። መግቢያ ኖሮ መውጫ ከሌለ፣ ወይም ጣት የሚያቃጥል ከሆነ፣ ጉዳዩ እዚያ ነው። ሶፍትዌር በፍላሽ መጫን ደግሞ በቲቪው ሞዴል ስም አይደለም፤ ቦርዱ ላይ በታተመው ቁጥርና በፓኔሉ ቁጥር ነው። በሌላ ፓኔል ሶፍትዌር ምስሉ ይገለበጣል፣ ወይም ቲቪው ጨርሶ አይነሳም። ፍላሹ ፋት 32 ይሁን፣ በመሐል መብራት የሚሄድበት ሰዓት አይጀመር።

ፓኔሉ ከተሰነጠቀ ወይም ቋሚ መስመሮች ከወረዱበት ለባለቤቱ በግልጽ ይነገር። የፓኔል ዋጋ ከቲቪው ዋጋ ብዙም አይርቅም። ቦርዱን ለመለዋወጫ መሸጥ ይሻላል።

እርጥበት፣ በረሮ፣ የቡና ጭስ

ጅማ ላይ የተከፈተ ቲቪ ውስጥ ሦስት ነገር ይገኛል። እርጥበት የአይሲ እግሮችን አረንጓዴ ያደርጋል። በረሮ ሙቀት ፈልጎ ፓወር ሰፕላዩ ላይ ይቀመጣል፣ ገላውና ኩሱ በ 310 ቮልት መስመሮች መሐል መንገድ ይሆናል። ቡና በየቀኑ በሚፈላበት ሳሎን ደግሞ የዕጣኑና የከሰሉ ጭስ ከአቧራው ጋር ተዋህዶ የሚያጣብቅ ጥቁር ንጣፍ ይሠራል፤ ሙቀት እንዳይወጣ ይይዛል። ረከቦቱ ከቲቪው ስር ከሆነ ወደ ሌላኛው ጥግ ይዙር።

ቦርዱ የሚጸዳው በለስላሳ ብሩሽና በ 99 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮል ነው። ፋርማሲ ያለው 70 በመቶ ውሃ ስላለበት ቦርዱ ሙሉ ሌሊት ሳይደርቅ አይሰካም። አረቄ ደግሞ ከዚያም የበዛ ውሃ ስላለበት አይሞከርም። ስክሪኑ ግን አልኮልም የመስታወት ማጽጃም አይነካውም፤ ደረቅ ማይክሮፋይበር ጨርቅ፣ ካስፈለገ ጨርቁ ላይ ትንሽ ውሃ። ስክሪኑ ላይ የተረጨ ውሃ ወደ ታች ወርዶ እነዚያ ቡናማ ፊልሞች ውስጥ ይገባል። ደህና የነበረ ቲቪ በጽዳት ቀን መስመር የሚያወጣው እንዲህ ነው።

መልሶ መስቀል

ሁሉም ሲያልቅ ክዳኑ ሳይገጠም 2 ሰዓት ይሥራ። በመሐል ንቀሉ፣ አፍስሱ፣ ለኩ፣ ከዚያ ትራንስፎርመሩንና ሙቀት ማብረጃውን በጣት ነክታችሁ አረጋግጡ። ነጭ ምስል አሳይታችሁ ጥላ፣ ነጠብጣብ ካለ እዩ። ክዳኑ ሲገጠም ብሎን አለመትረፉን ቁጠሩ፤ የተረፈች ብሎን ውስጥ ካለች ሾርት ናት።

ግድግዳው ጭቃ ከሆነ ፊሸር አይያዝም። ማቆሚያው የሚመታው የግድግዳው ቋሚ እንጨት ላይ ነው፤ ግድግዳውን በጣት አንኳኩታችሁ እንጨቱን ፈልጉ። ቲቪው ከምጣዱ ጋር በአንድ መስመር ካለ ምጣዱ ሲበራ ቮልቱ ይወርዳል፤ የአሁኖቹ ቲቪዎች ይህን ይችሉታል፣ ብዙዎቹ ከ 100 እስከ 240 ቮልት የሚሠሩ ናቸው። የሚጎዳቸው ሲመለስ የሚዘለው ነው። መብራት ሲሄድ ሶኬቱ ይነቀል፣ ሲመጣ ከ 5 ደቂቃ በኋላ ይሰካ፤ ወይም የሚያዘገይ ቲቪ ጋርድ ይግባ። በጀነሬተር ከሆነ ሞተሩ ከረጋ በኋላ ይብራ፣ ነዳጁ ሳያልቅ ይጥፋ።

የዲሹ ገመድ ጣሪያ ላይ ካለ ብረት ወደ ሪሲቨሩ፣ ከዚያ በኤችዲኤምአይ ወደ ሜይን ቦርዱ ይገባል። ነጎድጓድ ሲቃረብ የቲቪውን ሶኬት ብቻ መንቀል አይበቃም፤ የዲሹም ገመድ ከሪሲቨሩ ይውጣ። የዲሹን ጫፍ ሲነኩ ጣት ላይ የሚሰማው ንዝረት ደግሞ ኧርዝ የሌለው ሶኬት ላይ ሪሲቨርና ቲቪ የሚያሳልፉት ጥቂት ኤሌክትሪክ ነው፤ ለሰው ያን ያህል ባይሆንም የኤችዲኤምአይ ቺፕ ለመግደል ይበቃል። ስለዚህ ስትሰቅሉት መጀመሪያ የዲሹን ገመድ፣ ቀጥሎ ኤችዲኤምአዩን፣ ሁለቱን ሶኬቶች መጨረሻ ላይ ስኩ።